በጎ ፍሬ ክፉን ሥራ ያጸድቃልን?

ወደ ሮሜ ሰዎች ምዕራፍ 3 ቍጥር 8፤ ንባቡና ምሥጢሩ ሲመረመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት፥ በ3ኛው ምዕራፍ፥ በእርሱ ላይ ይነገር የነበረ አንድ ሐሜት ያነሣል። የሚጠሉት ሰዎች፥ ይህ ሰው በጎ ነገር ከተገኘበት ክፉ ቢሠሩ አይከፋም እያለ ያስተምራል ብለው ስሙን ያጠፉ ነበር። ሐሜቱ የተነሣበት ምክንያት አለው። ሐዋርያው የሰው ሐሰት የእግዚአብሔርን እውነት አያስቀርም፤ ይልቁንም ይገልጠዋል ብሎ አስተምሮ ነበር። እነርሱም ትምህርቱን አጣመው፥ እንግዲያስ ሐሰት እውነትን የሚገልጥ ከሆነ ሐሰት መናገር ምን ይጎዳል ብለው ደመደሙ። እርሱ ግን ነገሩን ስድብ ብሎ ጠርቶ፥ እንዲህ በሚሉት ላይ የሚፈረደው ፍርድ የቀና መሆኑን ተናግሮ አለፈ።

በሌላው ስፍራ ብዙ ማስረጃ የሚያመጣ ሐዋርያ በዚህ ስፍራ ስለ ምን በአጭር ቃል አለፈ ቢሉ፤ የነገሩ ክፋት ለሚሰማው ሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ነው። አንድም፥ እንዲህ የሚል ሰው ለሥራው ምክንያት ይፈልጋል እንጂ እውነትን አይፈልግምና፥ ምክንያት ፈላጊን በክርክር መመለስ ስለማይቻል ነው። አንድም፥ ምርመራውን ለካህናትና ለመኳንንት ሊተወው ነው፤ ክፉ ሥራ ራቁቱን ወደ ሸንጎ አይመጣምና፥ የበጎን ልብስ ለብሶ ይመጣልና። አንዱ ለአገር ጥቅም ነው ይላል፤ ሁለተኛው ለሃይማኖት ክብር ነው ይላል፤ ሦስተኛው ለሰላም ነው ይላል። ልብሱን ገልጦ ማየት የፈራጅና የካህን ሥራ ነው።

ነገሩ በቃል ብቻ እንዳይቀር በአንድ አገር ላይ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። ከድሬዳዋ ከተማ በስተ ምዕራብ በኩል መልካ ጀብዱ የሚባል ስፍራ አለ። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ድሬዳዋ ራስዋ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ለማሠራት ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲሄድ ታስቦ ሳለ፥ ተራራውን መውጣት ስለ ከበደ ከግርጌው በሜዳው ላይ እንዲያልፍ ሆነ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ስፍራም ከተማው ተቈረቈረ። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ 100 ዓመት ሲሞላ፥ በ2009 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ተመረቀ። የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያም እንደ አሮጌው በከተማው መካከል ሳይሆን ከከተማው ውጭ በመልካ ጀብዱ ወገን ተሠራ። በዚሁ በመልካ ጀብዱ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶ፥ በ2014 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የነጻ ንግድ ቀጠና ተከፈተ።

ይህ ሁሉ በጎ ነው። ባቡር ለተራበ አገር እህል ያደርሳል፤ ፋብሪካ ሥራ ላጣ ወጣት እንጀራ ይሆናል። ነገር ግን ሐዲድና ፋብሪካ በአየር ላይ አይቆምም፤ መሬት ይፈልጋል። መሬትም ባለቤት የሌለው ባዶ ምድር አይደለም፤ አንዱ ማሽላ ይዘራበታል፥ ሌላው ከብቱን ያሰማራበታል፥ የአባቱ መቃብር ያለበትም አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ በተጀመረበት አገር ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሥራው ለሺህ ሰው የሚጠቅም ከሆነ፥ አንድ ባለ ይዞታ ቢገፋ፥ ካሳው ቢጓደል፥ የመሬቱ ልክ በሐሰት ቢጻፍ፥ ስለ ጥቅሙ ብዛት ሊታለፍ ይገባልን? ይህ ጥያቄ ሐዋርያው ስድብ ያለው ያው ቃል ነው፤ ልብሱ ብቻ ተለውጧል።

መጽሐፍ ስለዚህ ነገር ሁለት ነገሥታትንና ሁለት መሬቶችን ያሳያል።

ፊተኛው በ2ኛ ሳሙኤል በ24ኛው ምዕራፍ ያለው የዳዊት ታሪክ ነው። ዳዊት ሕዝቡን በማስቈጠሩ መቅሠፍት ወርዶ ከሕዝቡ 70,000 ሰው ሞተ። ነቢዩ ጋድም በኦርና ኢያቡሳዊ አውድማ ላይ መሠዊያ እንዲሠራ ለንጉሡ ነገረው። ንጉሡ ወደ ኦርና ሲሄድ፥ ኦርና አውድማውን፥ በሬዎቹን፥ የሚነደውንም እንጨት ሁሉ ያለ ዋጋ ሊሰጠው ወደደ። ዳዊት ግን ከሌላ ሰው ሀብት የወጣ መሥዋዕት የእርሱ መሥዋዕት እንደማይሆን አውቆ እንቢ አለ፤ 50 ሰቅል ብር መዝኖ ከፍሎ ገዛው።

ሐተታ። በዚህ ታሪክ፥ ሳይከፍሉ ለመውሰድ የሚያበቁ የሚመስሉ ምክንያቶች ሁሉ በአንድነት ተሰብስበዋል። ፍጻሜው በጎ ነው፤ መሠዊያ ነውና። ትእዛዙ በነቢይ አፍ የመጣ ነው። ጊዜ የለም፤ ሕዝቡ እየሞተ ነውና። ባለ መሬቱ ከተማው በጦር የተያዘበት ኢያቡሳዊ ነው፤ ከእስራኤል ወገን አይደለምና የሚከራከርለት ዘመድ የለውም። ከዚህም ሁሉ በላይ ባለ መሬቱ ራሱ ልስጥ ብሏል። ዳዊት ግን ከነዚህ በአንዱ እንኳ አልተጠቀመም። ስለ ምን ቢሉ፤ ንጉሥ ከደካማ ሰው ሲለምን፥ የደካማው እሺታ ከፈቃድ ይሁን ከፍርሃት ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሙሉ ዋጋ ሲከፈል ግን ፍርሃት ቢኖርም እንኳ ጉዳት አይኖርም። ዳዊት የኦርናን ልብ መርምሮ ማወቅ ስላልተቻለው የራሱን እጅ አነጻ።

በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በ21ኛው ምዕራፍ ዋጋው 600 ሰቅል ወርቅ ነው ተብሎ ተጽፏልና ይጋጫል ቢሉ፤ አይጋጭም። 50 ሰቅል ብሩ ስለ አውድማውና ስለ በሬዎቹ ነው፤ 600 ሰቅል ወርቁ ስለ ስፍራው ሁሉ ነው። ሰሎሞን በኋላ ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚሁ በኦርና አውድማ ላይ ነው። የእግዚአብሔር ቤት የቆመው ከኢያቡሳዊው በተነጠቀ መሬት ላይ ሳይሆን፥ ከኢያቡሳዊው በተገዛ መሬት ላይ እንደ ሆነ አንባቢ ያስተውል።

ሁለተኛው በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ21ኛው ምዕራፍ ያለው የአክዓብ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው አክዓብ ገና ሲጀምር የበደለ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። አክዓብ በመጀመሪያ ናቡቴን ጠየቀው፤ የሚበልጥ የወይን ቦታ ወይም ዋጋውን በብር ሊሰጠው ተናገረ። እስከዚህ ድረስ ሥራው ከዳዊት ሥራ አይርቅም። ናቡቴ ግን የአባቶቹ ርስት ነውና አልሰጥም አለ። ሁለቱ ነገሥታት የተለያዩት በዚህ ስፍራ ነው። ኤልዛቤል በንጉሡ ስም ደብዳቤ ጻፈች፥ በማኅተሙም አተመች፤ ጾም ታወጀ፥ ሽማግሎች ተቀመጡ፥ ሁለት ምስክሮች ቆሙ፤ ናቡቴም ከከተማው ውጭ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

ሐተታ። በዚህ ፍርድ ከሥርዓቱ የጎደለ የለም። ማኅተም አለ፥ ዳኛ አለ፥ ሕግ የሚፈልገው የምስክር ቍጥር ሞልቷል፥ ጾም እንኳ ተጨምሯል። የጎደለው እውነት ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርዓት ተፈጽሟል የሚል ቃል ብቻውን ሥራን አያጸድቅም። ደግሞም አክዓብ ደብዳቤውን በእጁ አልጻፈም፤ እንዴት አደረጋችሁት ብሎም አልጠየቀም፤ ናቡቴ ሞተ ሲሉት ወርዶ ወሰደ። ነቢዩ ኤልያስ በመጣ ጊዜ ግን ማን ጻፈው ብሎ አልመረመረም፤ የገደለም የወረሰም አክዓብ ነው ብሎ ፈረደበት። ፍሬውን የሚበላ ሰው ተክሉ እንዴት እንደ ተተከለ አላውቅም ሊል አይችልም። ይህ ለመኳንንት የተጻፈ ነው፤ ሎሌ በስማቸው ለሚሠራላቸው ሁሉ።

አክዓብ የፈለገው የአትክልት ቦታ ነው፤ ለራሱ ምኞት ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም ከተወሰደ መሬት ጋር ሊመሳሰል አይገባም የሚል ቢኖር፤ መልሱ ይህ ነው። በዚያ መሬት ላይ ጎመን ቢተከል ወይም የድሆች መጠለያ ቢሠራ፥ የምስክሮቹ ሐሰት ወደ እውነት አይለወጥም፤ የናቡቴም ደም አይቀንስም። ይልቁንም የድሆች መጠለያ ቢሠራበት በደሉ ይሰፋል፤ ምንም የማያውቁት ድሆች ሳይወዱ ከናቡቴ ደም ጋር ተካፋዮች ይሆናሉና።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪኮች አንድ መለያ ይገኛል። ሁለቱም ነገሥታት መሬት ፈለጉ፤ ሁለቱም ሥልጣን ነበራቸው። ዳዊት የበጎውን ነገር ዋጋ ከራሱ ኪስ ከፈለ፤ አክዓብ ግን ዋጋውን በናቡቴ ደም አስከፈለ። ለበጎ ነገር ዋጋ መክፈል የጻድቅ ሥራ ነው፤ ለበጎ ነገር ሌላውን ሰው ሳይወድ ዋጋ ማድረግ ግን ሐዋርያው የነቀፈው ነገር ነው።

በዚህ ትርጓሜ ላይ ከመጽሐፍ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ።

ጥያቄ፤ የዮሴፍ ወንድሞች ባይሸጡት ግብፅና ከነዓን በራብ ባለቁ ነበር፤ ስለዚህ ሽያጩ በጎ ሆነ አይባልምን? ምላሽ፤ አይባልም። ዮሴፍ በዘፍጥረት በ50ኛው ምዕራፍ ሁለቱን ሥራ ለይቶ ተናገረ፤ ክፋቱን ለወንድሞቹ፥ በጎነቱን ለእግዚአብሔር ሰጠ። ይቅር አላቸው እንጂ አመሰገናችሁ አላላቸውም። እግዚአብሔር ከክፉ በጎ ማውጣቱ የእርሱ ጥበብ ነው፤ ሰው ግን ይህን አይቶ ክፉ ቢዘራ፥ ለራሱ የማይገባውን የአምላክነት ሥራ መያዙ ነው።

ጥያቄ፤ የክርስቶስ ሞት የዓለም መድኃኒት ሆነ፤ እንግዲያስ ቀያፋና ይሁዳ ለምን ይነቀፋሉ? ምላሽ፤ በዮሐንስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ ቀያፋ፥ ሕዝቡ ሁሉ ከሚጠፋ የአንድ ሰው ሞት ይሻላል የሚለውን ምክር ሰጠ። ይህ ምክር ፍጻሜን አይተው ሥራን የሚያጸድቁ ሰዎች ሁሉ አለቃ ነው። ወንጌላዊው ግን በቃሉ ውስጥ ትንቢት እንዳለ ተናገረ እንጂ በምክሩ ጽድቅ እንዳለ አልተናገረም። ደግሞም ልዩነቱ ይህ ነው። ቀያፋ ሌላው ሰው እንዲሞት መከረ፤ ክርስቶስ ግን ራሱን ሰጠ። ዓለም የዳነው ራሱን በሰጠው በክርስቶስ ፈቃድ ነው እንጂ በቀያፋ ምክር አይደለም። ቀያፋ አድናታለሁ ያላት ኢየሩሳሌምም ከ40 ዓመት ያህል በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ70 ዓመት በሮማውያን እጅ ፈረሰች።

ጥያቄ፤ ዳዊት በራበው ጊዜ ለካህናት ብቻ የተፈቀደውን የመሥዋዕት ኅብስት በላ፤ ጌታም በማቴዎስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ አልነቀፈውም። ምላሽ፤ እውነት ነው፤ ስለ ሕይወት የሚታለፍ ሥርዓት አለ። ነገር ግን በዚያ ኅብስት ማንም አልተበደለም፤ ካህኑ አውቆና ፈቅዶ ሰጠ፤ ሥርዓቱም ለሰው የተሠራ ነው። የሰንበት ሥርዓት ለተራበ ሰው ይታለፋል፤ የናቡቴ ርስት ግን ለአክዓብ አይታለፍም። እግዚአብሔር የራሱን ድርሻ ስለ ምሕረት ይተዋል፤ የድሃውን ድርሻ ግን ድሃው ሳይወድ የሚተውለት የለም።

ጥያቄ፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ፥ ለበጎ የተደረገ ማታለል እንደማይነቀፍ ተናግሯል፤ ወይን ካልጠጣሁ ብሎ መድኃኒት እንቢ ያለውን በሽተኛ፥ ወይን ወይን በሚሸት የሸክላ ዋንጫ ውኃ አጠጥቶ ያዳነውን ሐኪም አመስግኗል። ምላሽ፤ ይህ ምስጋና ምክንያት አለው። በዚያ የተታለለው ሰው ራሱ ነው የዳነው። ሐኪሙ አንዱን አታልሎ ሌላውን አላዳነም፤ ለራሱም ያተረፈው የለም። ከዚህ ምሳሌ ተነሥቶ ገበሬውን አታልሎ ነጋዴውን መጥቀም ይገባል የሚል ሰው፥ የሊቁን ዋንጫ ይዞ መርዝ ይቀዳበታል።

ከመጽሐፍ ምርመራ በኋላ የገዛ አገር ታሪክ ሊታይ ይገባል፤ ኢትዮጵያም በመሬት ነገር በዚህ ፈተና ደጋግማ አልፋለችና። ምርመራውም በመጀመሪያ ከእግዚአብሔር ቤት ይጀምራል። ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት በኋላ በሐረርጌ ብዙ መሬት ለመኳንንት፥ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠበት ምክንያት በጎ ነው፤ ቅዳሴ እንዳይታጐል፥ ዕጣንና መብራት እንዳይጠፋ፥ ድሃ እንዲመገብ፥ ተማሪ እንዲማር ነው። ነገር ግን መሬቱን የሚያርሰው ጭሰኛ በባለ ርስት ሁሉ ዘንድ ከምርቱ እስከ እኩሌታ ድረስ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር፤ ልጁ ተርቦ የሰጠም ነበር። የዕጣኑ መዓዛ የጭሰኛውን ልጅ ራብ አይሸፍንም። መጽሐፈ ሲራክ ከድሃ ገንዘብ የሚቀርበውን መሥዋዕት በአባት ፊት ልጁን ከማረድ ጋር ያነጻጽረዋል። ዲድስቅልያም ከግፈኞች መባ እንዳይቀበሉ ካህናትን ያዝዛል። በዚህ ነገር የበደለ ሁሉ፥ ካህንም ቢሆን መኰንንም ቢሆን፥ በጎ ፍጻሜ ነበረኝ ብሎ አይድንም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን አዋጅ ወጣ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተ ሰብ የሚይዘው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አራሹ የድካሙን ፍሬ ለራሱ እንዲበላ መደረጉ በጎ ነው፤ በጎነቱንም መካድ አይገባም። ነገር ግን ለመሬቱ ካሳ አልተከፈለም፤ በላዩ ትኖር የነበረች መበለትና ግፈኛው ባለ ርስት በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። ከዚያም በፊት፥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ 60ዎቹ የሚባሉት ሚኒስትሮች፥ መኳንንትና የጦር አለቆች በፍርድ ቤት ሳይከራከሩ ተገደሉ። ለውጡ ያለ ደም ይፈጸማል ተብሎ ነበር። አስቀድሞ የሐረርጌ ጳጳስ የነበሩት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ።

እነዚህን ሥራዎች የሠሩ ሰዎች ሁሉ አንድ መልስ ነበራቸው፤ ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም ነው አሉ። ጥቅሙ ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሆኖም መልሱ ልክ አልነበረውም። ፍጻሜ ሥራን ያጸድቃል የሚል ሰው የት እንደሚቆም ራሱ አያውቅም። ዛሬ መሬት ያለ ካሳ ቢወስድ፥ ነገ ነፍስ ያለ ፍርድ ይወስዳል፤ ምክንያቱ ያው አንድ ነውና።

ኋላ የመጣው ሕግ ከዚህ ነገር ጥቂት ተምሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ፥ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን ሊወስድ እንደሚችል፥ ነገር ግን ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል እንዳለበት ወሰነ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455፥ መሬቱን ለዘለዓለም ለሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳውን የ5 ዓመት ዐማካይ ገቢውን 10 እጥፍ አደረገው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ደግሞ፥ ከ3 ዓመት ገቢው ከፍ ያለውን 15 እጥፍ አደረገው። በ5 ዓመት ዐማካይና በ3 ዓመት ከፍተኛ፥ በ10ና በ15 መካከል ያለው ልዩነት፥ ፊተኛው ልክ ያነሰ እንደ ነበረ የሚመሰክር ነው። ስለዚህ ሕጉ ያዘዘውን ሰጥቻለሁ የሚል ሰው፥ ሕጉ ራሱ ሲሻሻል ትናንት ያልበቃውን ሊያይ ይችላል። ዳዊት ሙሉ ዋጋ ከፈለ መባሉ ለዚህ ነው።

ይህን ትርጓሜ ሰምቶ ባቡርና ፋብሪካ ሁሉ ኀጢአት ነው የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ቤተ መቅደስ ያለ መሬት አልተሠራም፤ ጣቢያም ያለ መሬት አይሠራም። ባለ ይዞታውም ከዚህ ፍርድ ውጭ አይደለም። ካሳ ሊበዛለት በሌሊት ችግኝ የሚተክል፥ የሌላውን ድንበር የእኔ ነው ብሎ የሚያስለካ፥ ለልጆቼ እንጀራ ነው ቢል፥ የእርሱም ቃል ሐዋርያው የነቀፈው ያው ቃል ነው።

እንግዲህ በመልካ ጀብዱም በሌላ አገርም በጎ ሥራ ይዞ የሚነሣ ሹም፥ ወይም በምክር የሚጠየቅ ካህን፥ ከመፍረዱ በፊት አራት ነገሮችን ይመርምር።

አንደኛ፥ ዋጋውን የሚከፍል ማን ነው? የሚወስነው ሰው ከሆነ ዳዊትን ይመስላል፤ ያልተጠየቀው ሰው ከሆነ አክዓብን ይመስላል።

ሁለተኛ፥ ሥራው በተገፋው ሰው ፊት በግልጥ ሊነገር ይችላልን? ዳዊት በአውድማው ላይ ፊት ለፊት ተናገረ፤ የኤልዛቤል ደብዳቤ ግን ታትሞ ተላከ። በስውር ብቻ ሊደረግ የሚችል በጎ ሥራ፥ ስውርነቱ ራሱ ይከስሰዋል።

ሦስተኛ፥ የተገፋው ሰው አቤት የሚልበት ደጅ አለውን? ናቡቴ ፍርድ ነበረው፥ የሚሰማው ግን አልነበረውም። ድሃ እንቢ ሊል ካልቻለ እሺታውም አይቈጠርም።

አራተኛ፥ የታሰበው በጎ ነገር ባይገኝ፥ የተሠራው ሥራ ምን ተብሎ ይጠራል? ይህ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። ፍጻሜ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ሥራ በሰው እጅ ነው። ፋብሪካው ሊዘጋ ይችላል፥ ንግዱ ሊከስር ይችላል፥ ባቡሩ ሊቆም ይችላል፤ በሐሰት የተጻፈው ልክ ግን ሐሰት ሆኖ ይኖራል። ሰው በማያዘው ነገ ተስፋ አድርጎ በሚያዘው ዛሬ ክፉ ቢሠራ፥ ነገ ያልመጣ እንደ ሆነ በእጁ የሚቀርለት ክፉው ብቻ ነው።

ለካህን ደግሞ የተለየ ፈተና አለው። በግፍ ከተገኘ መሬት ያተረፈ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጣራ ቆርቆሮ፥ ለመቅደሱ መጋረጃ፥ ለበዓሉም ድግስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በዚያ ጊዜ ካህኑ ጣራው ያፈስሳልና እንቀበለው፥ በጎ ሥራ ይሠራበታልና ብሎ ቢያስብ፥ በምዕመናኑ ላይ የሚነቅፈውን ቃል ራሱ ፈጸመው። አስቀድሞ የተገፋውን ሰው ገንዘብ መልስ፥ ከዚያ በኋላ መባህን አምጣ ሊለው ይገባል። የሚያፈስስ ጣራ ከሥሩ የሚጸልዩትን ሰዎች ያረጥባል፤ የግፍ ቆርቆሮ ግን ጸሎታቸውን ይከለክላል።

በድሬዳዋ የሚኖር ሰው የወንዝን ነገር ያውቃል። ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ወሰደ። ማዶው መልካም ስለ ሆነ ጎርፉ ለሚሻገረው ሰው አይራራለትም። ወንዝ መሻገር የሚወድ ሰው፥ ቢርቅበትም ቢያዘገየውም መልካውን ይፈልጋል። ወደ በጎ ነገር የሚያደርስ መልካ እውነትና ፍርድ ነው። በዚያ የተሻገረ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ ባይደርስ እንኳ ባለበት ዳር በንጹሕ እጅ ይገኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።